ከቆሻሻ መኪናው እንጀምር

ጎማው የተነፈሰ ገልባጭ፣ ሞተሩ ወርዶ ሸራ የለበሰ የውኃ ቦቴ፣ መለዋወጫ ሲጠበቅለት ሥሩ ሣር ያበቀለ ሎደር፤ እነዚህን በማዘጋጃ ቤት ግቢ ጀርባ መመልከት በአገራችን ከተሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ለረጅም ዘመን መፍትሔው አንድ ነበር፤ በጀት ሲገኝ ሌላ የናፍጣ መኪና መግዛት። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የቀረጥና የታክስ ማበረታቻ ተደርጓል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ናፍጣውን ከውጭ በዶላር እንገዛለን፤ ውኃው ግን የራሳችን ነው። እንግዲህ ያረጀው የከተማ መኪና በኤሌክትሪክ ይተካ ቢባል የሚቃወም የለም፤ እኛም አንቃወምም። የምንከራከረው ከየትኛው መኪና ይጀመር በሚለው ላይ ነው።

እንደምናየው ልማዱ ከላይ መጀመር ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ በቅድሚያ የሚደርሰው ለኃላፊው መኪና ነው። ይህ አካሄድ ለወልድያ፣ ለመርሳና በሀብሩ ወረዳ ላሉ ትንንሽ ከተሞች አይበጅም እንላለን። ምክንያታችንም የፊዚክስ ነው።

ውድ አንባቢ፣ አንድ የቆሻሻ መኪና በቀን የሚሠራውን ሥራ ለአንድ አፍታ ያስቡት። ከአንድ በር ተነስቶ ሃምሳ ሜትር ሄዶ ይቆማል፤ ሠራተኞቹ ይጭናሉ፤ እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ይቆማል። 10 ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የተሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት 154 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ይህ ጉልበት ብረትን አሙቆ በነፋስ ይበተናል። በቀን 200 ጊዜ ቢቆም ድምሩ ወደ 31 ሜጋ ጁል ይደርሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ የያዘው ጉልበት ወደ 36 ሜጋ ጁል ስለሆነ፣ በመጀመሪያ እይታ ብክነቱ ከአንድ ሊትር ያነሰ ይመስላል። ነገር ግን እየቆመ በሚነሳ ሥራ ላይ የናፍጣ ሞተር ከያዘው ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ቢበዛ ከአምስት እጅ አንዱን ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ስለዚህ ያን 31 ሜጋ ጁል ለማግኘት ከ4 ሊትር በላይ ተቃጥሏል። በዚህ ላይ መኪናው ቆሞ ሲጫን ሞተሩ በሥራ ፈት ይዞራል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ለጉዞ የሚጠቅም አንዳች ጉልበት ሳይሰጥ ናፍጣ ይበላል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ይህን ታሪክ ይገለብጠዋል። ሲቆም አይበላም። ፍሬን ሲያዝ ያው ሞተር ዳይናሞ ሆኖ ከእንቅስቃሴው ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የወልድያ ከፍታም ሌላ ነጥብ ነው። ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር በዚህ ምክንያት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አያሳስበውም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተታችንን ብንናገር ደግ ነው። ይህን ጉዳይ ስንጀምር ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከወልድያ በስሪንቃ በኩል ወደ መርሳ በሚያዘቀዝቀው የ30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ መስሎን ነበር። የከፍታውን ልዩነት 400 ሜትር ብንይዝ 10 ቶን መኪና ሲወርድ የሚለቀው እምቅ ጉልበት ወደ 39 ሜጋ ጁል ነው፤ ይህ ሁሉ ወደ ባትሪው ቢመለስ እንዴት ያለ ሀብት ነበር! ሆኖም ስሌቱን ስንጨርሰው የጎማው የመንከባለል እንቅፋት ብቻውን ከዚህ ውስጥ ወደ 29 ሜጋ ጁል እንደሚወስድ አገኘን። መንገዱ ረጅም፣ ዘቅዘቅታው ለዘብ ያለ ስለሆነ ቁልቁለቱ መኪናውን ያስኬደዋል እንጂ ለባትሪው የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲህ ትርፉ ያለው በረጅሙ መንገድ ላይ አይደለም፤ ከበር ወደ በር በሚደረገው አሰልቺ ጉዞ ላይ ነው። ለስብሰባ ደሴ ደርሶ የሚመለሰው ደብል ጋቢና ከኤሌክትሪክ የሚያገኘው ጥቅም ከቆሻሻ መኪናው ያነሰ ነው፤ መንገድ ላይ ባትሪ የሚሞላበትን ቦታ የመፈለግ ጭንቀቱ ግን የበለጠ ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየማለዳው ከበር በር ወተት ያድሉ ነበር፤ ባትሪያቸው የእርሳስ፣ ፍጥነታቸው የኤሊ ቢሆንም ሥራው ይስማማቸው ነበር። በቻይና የሼንዜን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከ16 ሺህ የሚበልጡ አውቶቡሶቿን በሙሉ ኤሌክትሪክ ስታደርግ የመረጠችው እየቆሙ የሚነሱትን፣ መንገዳቸው አስቀድሞ የታወቀውን፣ ማታ ወደ አንድ ግቢ የሚመለሱትን ነው። አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችን አሰማርታለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለስሌት ያህል የቆሻሻ መኪናው በቀን 25 ሊትር ናፍጣ ይበላል እንበል። በ2017 ዓ.ም አጋማሽ የቤንዚን ዋጋ በሊትር 100 ብር ሲያልፍ ናፍጣም እዚያው አጠገብ ደርሶ ነበር። በ100 ብር ሂሳብ የቀኑ ወጪ 2,500 ብር ነው። ተመሳሳዩን ሥራ ለመሥራት የኤሌክትሪክ መኪና በመሙላት ላይ የሚጠፋውን ጨምሮ 60 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗልና ጨከን ብለን ኪሎዋት ሰዓቱን 10 ብር እንያዘው፤ 600 ብር ይመጣል። የመኪናው መግዣ ዋጋ ከፍ ቢልም ልዩነቱን የሚከፍለው ይህ የዕለት ቁጠባ ነው፤ መኪናው በየቀኑ እስከ ሠራ ድረስ። ግቢ የሚውል የኤሌክትሪክ መኪና ግን ምንም አይቆጥብም። የኃላፊው መኪና መጀመሪያ አይሁን የምንለው በዚህም ምክንያት ነው።

«መብራት በሚጠፋበት አገር ምን ዋጋ አለው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ በወልድያ ደግሞ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ትክክለኛ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከተማዋ በጦርነቱ ውስጥ ስትቆይ መብራት፣ ስልክና ባንክ አልነበረም። ያን ጊዜ ያየ ሰው ሶኬት ላይ እምነት መጣል ቢከብደው አይፈረድበትም። ከዚያ በኋላም በክልሉ በቀጠለው ግጭት ሳቢያ መስመር ሲበጠስ ጠጋኙ በወቅቱ መድረስ የማይችልባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሌላም ምስክር አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሀራ ገበያ ድረስ የሚዘልቀው የ390 ኪሎ ሜትር ገደማ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም በይፋ ተጀመረ። እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያ ክፍል ሐዲዱ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ለዓመታት ያለ ሥራ ቆይቷል። ባቡሩ ቀድሞ ኤሌክትሪኩ ኋላ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

ታዲያ ጄኔሬተር ገዝተን እንሙላው? ይህን ሐሳብ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምተነዋል። አነስተኛ የናፍጣ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ 60 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት 20 ሊትር ይፈልጋል። መኪናው ራሱ ቢያቃጥለው 25 ሊትር ነበር። በ5 ሊትር ቁጠባ ሁለት ማሽን ማስተዳደር ማለት ነው። ይህን የሚያቅድ ከተማ የድሮውን መኪና አስጠግኖ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

የቆሻሻ መኪናን ከሌሎች የሚለየው ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። የሥራው ሰዓት ከፀሐይ ጋር ይስማማል። ቆሻሻ ማንሳት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተጀምሮ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ ገበያው ሳይደራ፣ መንገዱ ሳይጣበብ። ከዚያ በኋላ መኪናው ግቢ ገብቶ ፀሐይዋ በምትበረታበት ሰዓት ሁሉ ቆሞ ይውላል። እያንዳንዳቸው 400 ዋት የሆኑ 40 የፀሐይ ፓነሎች ቀኑ ጥሩ ሲሆን ከተለመደው ብክነት በኋላ ከ60 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ከፍ ያለ ይሰጣሉ። የሚይዙት ስፋት ወደ 80 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ ጋራዥ ጣሪያ አይበልጥም። ከወልድያ ይልቅ ሞቃት በሆነችው በመርሳ ፓነሎቹን ከፍ ባለ ዳስ ላይ መስቀል ሌላም ጥቅም አለው፤ ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ዕድሜ ስለሚያሳጥር ጥላው ራሱ መድኃኒት ነው። ከሊቲየም ባትሪዎች መካከል በብረትና በፎስፌት የተሠራው ዓይነት ሙቀትን ይበልጥ ይታገሣል። ከ2 ሺህ እስከ 3 ሺህ ጊዜ ያህልም ሞልቶ ይጎድላል፤ በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ መኪና ይህ ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው።

በክረምት ደመና ሲበዛ መስመሩ ያግዛል፤ መስመሩ ሲጠፋ ፀሐይዋ ታግዛለች፤ ሁለቱም ሲጠፉ ቆሻሻው አንድ ቀን ያድራል። አንድ ቀን ቢያድር ሰው አይሞትም። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ግን ይህን ለማለት አንደፍርም። እነዚህ ሁለቱ በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም አቅጣጫ፣ መብራት ቢኖርም ባይኖርም መነሳት አለባቸው፤ ስለዚህ የወልድያ የኃይል አቅርቦት እስኪጸና ድረስ በናፍጣ ይቆዩ። ግሬደሩም እንዲሁ ይቆይ፤ ከከተማ ርቆ ለሳምንታት ሲሠራ ወደ ቻርጅ ቦታ የሚመልሰው የለም። ይህን ስንል የኤሌክትሪክ ጠላት እንዳንባል እንፈራለን፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት አንድ አምቡላንስ መንገድ ላይ ቢቀር ከተማው ኤሌክትሪክ የሚባለውን ሁሉ ለሃያ ዓመት እንደሚጠላ ከወዲሁ ይታየናል።

መኪናው መግባት ወደማይችልባቸው ጠባብ መንደሮች በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች በእጅ ጋሪ እየገፉ ቆሻሻ ማውጣታቸው የታወቀ ነው። የፍራፍሬ አገር በሆነችው በመርሳ በማንጎና በፓፓያ ወቅት ቆሻሻው እርጥብና ከባድ ይሆናል። ከ5 እስከ 10 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ባለ ሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ዋጋው ከትልቁ መኪና እጅግ ያነሰ በመሆኑም ስሕተት ቢሠራበት ጉዳቱ አነስተኛ ነው። እንዲያውም ሀብሩ ከትልቁ ይልቅ በዚህ ብትጀምር እንመርጣለን።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥገናው ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ በ2015 ዓ.ም አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ከሥራ ውጭ ነበሩ። በዋና ከተማው እንዲህ ከሆነ በወልድያ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፣ ኢንጀክተር የለውም፣ የናፍጣ ፓምፕ የለውም፤ ስለዚህ የሚበላሽበት ያንሳል። ያነሰው ሲበላሽ ግን በመዶሻና በመፍቻ አይጠገንም። ከዚህ የሚከፋው አደጋው ነው። መካኒኮቻችን እጃቸው የለመደው 12ና 24 ቮልት ነው፤ የዚህ ዓይነት ከባድ መኪና ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 600 ቮልት ይይዛል። መኪናው ቢጠፋም ባትሪው ሕያው ነው። ለሠላሳ ዓመት የናፍጣ ሞተር ሲፈታ የኖረ ባለሙያ ብርቱካናማውን ገመድ እንደ ተራ ሽቦ ቢቆርጠው የሚሆነውን ማሰብ አንፈልግም። ስለዚህ ከመኪናው ጋር በአንድ ውል ውስጥ የጥገና ሥልጠና፣ የመከላከያ ጓንትና መሣሪያ፣ የብልሽት መመርመሪያ ኮምፒዩተርና ቢያንስ የሦስት ዓመት መለዋወጫ መግዛት ግዴታ ይሁን። ሻጩ ይህን አላቀርብም ካለ መኪናውም ይቅር።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚሠራ፣ በጀት የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። የየከተሞቹ ማዘጋጃ ቤቶች በእያንዳንዱ መኪና ጋቢና ውስጥ አንድ ደብተር ያስቀምጡ። ሾፌሩ በየቀኑ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር፣ የቀዳውን ሊትር፣ የቆመበትን ጊዜ ብዛት፣ ከግቢ የወጣበትንና የገባበትን ሰዓት ይጻፍበት። በዚሁ ደብተር ላይ መብራት የጠፋበት ሰዓትና የተመለሰበት ሰዓትም ይመዝገብ። እኛ ከላይ በግምት የያዝናቸው 25 ሊትር፣ 200 ማቆሚያና 60 ኪሎዋት ሰዓት በሦስት ወር ውስጥ በእውነተኛ ቁጥር ይተካሉ። ቁጥሮቹን የሚደምሩና የሚተነትኑ የፊዚክስ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉም እናያቸዋለን። ደብተሩ ከሞላ በኋላ የትኛው መኪና መጀመሪያ እንደሚለወጥ እኛም ሆንን የግዢ ኮሚቴው መከራከር አይኖርብንም፤ ምናልባትም የቆሻሻ መኪናው ነው ያልነው ተሳስተን ይገኝ ይሆናል።