ስርዙ የማይታይ ድልዝ

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ጠርቶኝ ሄድኩ። የአንዲት እናት ወለድ አብጦ ዋናውን ብድር ሊያክል ምንም አልቀረውም። ግማሽ ቀን ፕሮግራሙን ስበረብር ዋልኩ፤ ስሌቱ ደህና ነው። ጉዱ የተገኘው ብድሩ የተሰጠበት ቀን ላይ ነው፦ 2014-01-10። ውሉ የተፈረመው መስከረም 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ዳታቤዙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ የተመዘገበው 2021-09-20 ተብሎ እንደነበር የድሮው ባክአፕ ነገረኝ። አንድ ቅን ሠራተኛ የዳታቤዙን ሠንጠረዥ በቀጥታ የሚያሳየውን ፒኤችፒማይአድሚን ከፍቶ ከውሉ ጋር ሲያመሳክር «ተሳስቷል» ብሎ አረመው። ሁለቴ ክሊክ፣ ቁጥር፣ ኢንተር። ብድሩ በአንዴ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ። ቀኑ ጳጉሜን ላይ ቢውል ኖሮ ዳታቤዙ «13ኛ ወር የለኝም» ብሎ ይጮህ ነበር፤ መስከረምን ግን ጃንዋሪ ብሎ ዋጠው።

ልጁ ራሱ ባይናገር ማን እንደነካው አናውቅም ነበር። አራት ሰው በአንድ የይለፍ ቃል ነው የሚገባው።

እኔ ልጁን አልወቅስም። የምወቅሰው እኛን ፕሮግራመሮችን ነው። የማረሚያ ገጽ ከመሥራት ሰነፍንና «ትንሽ ነገር ከሆነ እዚያ ገብታችሁ አስተካክሉ» ብለን ቁልፉን ሰጠን። ሠንጠረዡ ኤክሴል ይመስላል፤ ኤክሴል ግን አይደለም። ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ከሴሉ ስትወጣ ተመዝግቧል፤ «ተመለስ» የሚባል ነገር የለም። ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች በዚህ ይሻላል፤ ከማጽደቅህ በፊት የሚፈጸመውን ትእዛዝ ያሳይሃል። ማን ያነበዋል? ደግሞ የምታየው ያለውን ሁሉ አይደለም፤ ዲቢቨር የተባለው ሌላው መሣሪያ መጀመሪያ የሚያመጣልህ 200 ረድፍ ነው። «ሀይሉ» ብለህ ብትፈልግ «ኃይሉ» ከነብድሩ ተደብቆ ይቀራል።

«ታዲያ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ ስክሪን ያድናል ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አያድንም። በጃንዋሪ 2017 የጊትላብ ኩባንያ መሐንዲስ ትእዛዝ እየጻፈ ባልታሰበው ሰርቨር ላይ 300 ጊጋባይት ያህል ዳታ አጥፍቷል። ከማውስ ጋር ጠብ የለኝም፤ እኔም ለማየት በየማለዳው ዲቢቨር እከፍታለሁ። ጠቤ ዓረፍተ ነገር ከሌለው እርማት ጋር ነው። የአፕዴት ትእዛዝ ፋይል ላይ ሲጻፍ የትኛው ረድፍ፣ ከምን ወደ ምን፣ ለምን የሚለው ይቀመጣል፤ ከመፈጸሙ በፊትም ሌላ ሰው «ቆይ፣ ይሄ በማን አቆጣጠር ነው?» ማለት ይችላል። ሴል ውስጥ የተደረገ እርማት ይህን ጥያቄ የሚጠይቅለት ሰው አያገኝም። ስርዝ ድልዝ ያለበትን ደረሰኝ ከመስኮት የምንመልስ ሰዎች ነን፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ስርዙ እንኳ የማይታይ ድልዝ ፈቀድን።

ፕሮግራመር ከሆንክ ዛሬውኑ ለቢሮው ሰዎች ለየራሳቸው ማየት ብቻ የሚያስችል መግቢያ ክፈትላቸው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር ትእዛዝ ቢፈጅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታረመውን ነገር ጠይቀህ ገጽ ሥራለት።

እኚያ እናት በትርፍ የከፈሉት ተመልሶላቸዋል። የቀሩትን ቀኖች ከውሎቹ ጋር አንድ በአንድ እያመሳከርን ነው፤ ገና ሁለተኛው ሳጥን ላይ ነን።