የቀይ ጥብጣብ ትርጓሜ

ቋንቋ የሕዝብ ጠባይ መዝገብ ነው፤ ሕዝቡ ያከበረውም የተማረረበትም ነገር በንግግሩ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ አንድ ጕዳይ በመሥሪያ ቤት ደንብ ብዛት ታስሮ ሲዘገይ፥ ባለጕዳዩም ከአንዱ ሹም ወደ ሌላው እየተመላለሰ ውሳኔ ሲያጣ፥ ነገሩ «ሬድ ቴፕ» ይባላል። ቃሉ በአማርኛ ሲመለስ «ቀይ ጥብጣብ» ማለት ነው። የባለጕዳይ ምሬት የጥብጣብ ስም የተሰጠው ስለምን እንደ ሆነ የመረመረ ሰው፥ ለማናቸውም አገር ሹም የሚጠቅም ምክር ያገኝበታል።

በእንግሊዝ አገር በቀድሞ ዘመን የመንግሥትና የዳኝነት ወረቀቶች ታጥፈው በቀይ ጥብጣብ ይታሰሩ ነበር። በ1658 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በለንደን የታተመ አንድ ጋዜጣ፥ በቀይ ጥብጣብ የታሰረ ትንሽ የወረቀት ጥቅል መጥፋቱን አስታውቆ ነበር። ይህ ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ዛሬም የእንግሊዝ ጠበቆች የክርክር ወረቀታቸውን በጥብጣብ ያስራሉ፤ ቀለሙ ብቻ ወደ ሮዝነት ፈዟል።

ጥብጣቡ በመጀመሪያ የታሰበው ለበጎ እንደ ነበረ ልብ ሊባል ይገባል። የርስት፥ የኑዛዜ ወይም የዕዳ ወረቀት አንዲት ቅጠል የጐደለችበት እንደ ሆነ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው ሌላ ምስክር የሌለው ድኃ ነው። ስለዚህ ቋጠሮው የባለጕዳዩ መብት ጠባቂ ነበር። ነገር ግን ዘመን እየቈየ ሲሄድ ጠባቂው ጌታ ሆነ። ጸሐፊው ጥቅሉን ማሰሩን እንጂ በጥቅሉ ውስጥ ያለውን ሰው ማሰቡን ተወ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቶማስ ካርላይልና ቻርልስ ዲክንስ የተባሉት ስመ ጥር ደራሲዎች ይህን ጠባይ በጽሑፋቸው ስለ ነቀፉት፥ «ቀይ ጥብጣብ» የሚለው ቃል በሕዝቡ ሁሉ አፍ ገባ።

ቃሉ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት የሚደርስ ክፋት እንዳለበት የታየው በክሪሚያ ጦርነት ነው። በ1854 ክረምት የእንግሊዝ ጦር በባላክላቫ ወደብ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ፥ ድድ የሚያደማና ጥርስ የሚያወልቅ በሽታ ወታደሩን ይፈጀው ነበር። ለዚህ በሽታ መድኃኒት የሚሆን የሎሚ ጭማቂ በታኅሣሥ ወር ወደቡ ደረሰ፤ ዳሩ ግን በወታደሩ የዕለት ቀለብ ዝርዝር ውስጥ ስላልተጻፈ፥ ሁለት ወር ያህል ሳይታደል በመጋዘን ተቀመጠ። ቡናም ተልኮ ነበር፤ ነገር ግን ያልተቈላ ጥሬ ቡና ነበርና ወታደሩ የሚቈላበት ምጣድም የሚያነደው እንጨትም አልነበረውም። መዝገቡ ሲታይ መድኃኒቱም ቡናውም መጥቷል፤ ሰፈሩ ሲታይ ግን ሰው ይሞታል። በዚህም ጥፋት ሕዝቡ ስለ ተቈጣ፥ በ1855 መጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሎርድ አበርዲን መንግሥት ወደቀ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዲክንስ በለንደን በተደረገ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ አንድ እውነተኛ ታሪክ አስታወሰ። የእንግሊዝ ግምጃ ቤት የተቀበለውን ገንዘብ በእንጨት ላይ ምልክት እየቀረጸ ይቈጥር ነበር። እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ለከፋዩ፥ ግማሹ ለግምጃ ቤቱ ይቀር ነበር። ወረቀትና ቀለም ከተስፋፋ በኋላ እንኳ ይህ ልማድ ሳይለወጥ፥ ከ600 ዓመት በላይ ቈይቶ በ1826 ቀረ። በ1834 የተከማቸው አሮጌ እንጨት ይወገድ በተባለ ጊዜ፥ ለአካባቢው ድኆች ማገዶ ይሁን ያለ አልተገኘም፤ በፓርላማው ቤት ምድጃ ውስጥ እንዲቃጠል ታዘዘ። እሳቱም ከልክ አልፎ ጥቅምት 16 ቀን ሁለቱን የምክር ቤቶች አቃጠለ። ዲክንስ ከዚህ በኋላ በጻፈው «ሊትል ዶሪት» በተባለው መጽሐፉ፥ ጥበቡ ሁሉ ሥራን አለመሥራት የሆነ አንድ መሥሪያ ቤት ፈጥሮ አሳይቷል፤ ስሙንም በአማርኛ «የዙሪያ ጥምጥም መሥሪያ ቤት» ብንለው ይስማማዋል።

እንግዲህ ጥብጣቡ ይቈረጥ፥ መዝገብም ይቅር የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ግን ከበሽታው የሚብስ መድኃኒት ነው። መዝገብ በሌለበት ስፍራ ጕዳዩ የሚፈጸመው ዘመድ ላለው ወይም እጅ መንሻ ለያዘ ብቻ ነው። እንግሊዞችም መዝገቡን አላቃጠሉም፤ መዝገቡን የሚይዘውን ሰው መመርመር ጀመሩ እንጂ። ኖርዝኮትና ትሬቬልያን የተባሉት ባለሥልጣኖች በ1854 ባቀረቡት ጽሑፍ፥ የመንግሥት ሠራተኛ በዘመድና በአማላጅ ሳይሆን በፈተና እንዲመረጥ መከሩ፤ በሚከተለው ዓመት ፈተናውን የሚያካሂድ ጉባኤ ተቋቋመ፤ በ1870ም ውድድሩ ለብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ክፍት ሆነ።

የአማርኛም ቋንቋ ለዚሁ ምሬት የራሱ ቃል አለው፤ «ደጅ መጥናት» ይባላል። እንግሊዛዊው የታሰረውን ወረቀት አይቶ ሲናገር፥ አማርኛ ተናጋሪው በደጅ የቆመውን ሰው አይቶ ተናገረ። ሁለቱ ቃላት ሲገጣጠሙ የነገሩ ምስል ይሞላል፤ በውስጥ የተቋጠረ ወረቀት፥ በውጭ የቆመ ሰው አለ።

ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው ወረቀት በፊቱ በቀረበ ጊዜ ሁሉ ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛው፥ ይህ ደንብ የሚጠብቀው ማንን ነው? ሁለተኛው፥ ይህ ጕዳይ እስኪፈጸም ድረስ በደጅ የሚቆመው ማን ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያጣ ደንብ ይሻሻል፤ ለሁለተኛው መልስ ያገኘ ሹምም ሳይውል ሳያድር ቋጠሮውን ይፍታ። ጥብጣብ የሚታሰረው ወረቀቱ ሳይጐድል ከሹሙ እጅ እንዲደርስና በዚያ እንዲፈታ ነውና።