ከፍለናልና አበቃ ወይ?



የቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር አባላት ጋሪያቸውን እየገፉ በየደጃችን ሲመጡ ከብዙዎቻችን አፍ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፤ «እኛ ከፍለናል፤ የቀረው የነሱ ሥራ ነው» የሚል። ይኸ አነጋገር ግማሽ እውነት ነው። ግማሹ እውነት ግን ሰፈር አያጸዳም።

እንደሚታወቀው እነዚህ ማኅበራት በአብዛኛው ሥራ ያልነበራቸው ሴቶችና ወጣቶች ተደራጅተው ያቋቋሟቸው ናቸው። እንደ ማንኛውም ነጋዴ ሠርተው ገቢ ያገኛሉ፤ ሥራቸው ግን ከኪሳቸው አልፎ ለሁላችንም ጤና ይተርፋል። እንዲህ ያለውን ተቋም ዛሬ ማኅበራዊ ድርጅት ይሉታል። ከተራ ንግድ የሚለይበትም አንድ ነገር አለ። ባለሱቁ ጨው ለመሸጥ የገዢውን ልማድ መለወጥ አያስፈልገውም። ቆሻሻ ሰብሳቢው ግን እኛ በጓዳችን የምናደርገው ካልተለወጠ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ይኸ በኛ ሰፈር ብቻ የታየ ጉዳይ አይደለም። በካይሮ ከተማ ዘባሊን የሚባሉት ሰዎች ከየቤቱ ደጃፍ ቆሻሻ እያነሡ፣ የሚጠቅመውን እየለዩ፣ ለብዙ ዘመን ኖረውበታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ሥራው ለውጭ አገር ኩባንያዎች ተሰጠ። ኩባንያዎቹም በየመንገዱ ገንዳ አስቀመጡ። ነዋሪው ግን ከደጁ መነሣቱን የለመደ ነበርና ቅሬታው በዛ። መኪናም ገንዘብም ነበረ፤ የጎደለው ነዋሪውንና የቀድሞውን ሠራተኛ ማማከር ነበር።

በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ከቆሻሻ መሐል ዕቃ እየለቀሙ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች በ1993 ማኅበር አቋቋሙ። በ2008 ደግሞ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ስዋች የተባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ከከተማው አስተዳደር ጋር ተዋውሎ ሥራ ጀመረ። በዚያ አሠራር ሠራተኛዋ ከየቤቱ በር ትሰበስባለች፤ ነዋሪው የአገልግሎቱን ይከፍላታል፤ እርጥቡንና ደረቁንም ለይቶ እንዲሰጣት ይጠበቅበታል። ከደረቁ የሚሸጠውን ሸጣ ገቢዋን ትደጉማለች። ነዋሪው እዚህ ላይ ከፋይ ብቻ ሳይሆን የሥራው ተካፋይ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ እኛስ? የወጥ ትራፊውን፣ ሃይላንዱን፣ የተሰበረውን ብርጭቆ በአንድ ማዳበሪያ አጭቀን እንሰጣለን። ምናለሽ ተራ ወስደው ሊሸጡት ይችሉ የነበረው ፕላስቲክ በወጥ ይበላሻል፤ ብርጭቆው የሰብሳቢዋን እጅ ይቆርጣል። አንዳንዱም ሲመሽ ፌስታሉን ቱቦ ውስጥ ይወረውርና ክረምት ሲገባ ጎርፉ ቤት ገባ ብሎ ይጮኻል። እንዴ! ማን የደፈነውን ማን ይክፈተው?

ከደጃችን ሲነሣ የጠፋ ይመስለናል እንጂ ቆሻሻ አይጠፋም፤ የሌላ ሰው ደጅ ይደርሳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በከተማችን በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸው አልፏል። ሳይለይ የተጣለ እያንዳንዱ ከረጢት እንዲህ ያለውን ክምር ያሳድጋል።

ጥፋቱን ሁሉ በነዋሪው ላይ መጫናችን ግን አይደለም። ማኅበሩም የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ ሊያሳውቅ፣ ሲቀርም ምክንያቱን ሊነግረን፣ ቅሬታ ስናቀርብ እንደ ስድብ ሳይቆጥር ሊሰማን ይገባል። ሳያማክር የሚሠራ፣ ሥራው የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ሰፈሩን አይለውጥም።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤት እርጥቡን በአንድ፣ ደረቁን በሌላ ከረጢት ይለይ፤ ስለታም ነገር በወረቀት ተጠቅልሎ ለብቻው ይሰጥ። ሁለተኛ፣ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ተወካይ መቀመጫ ይኑራት፤ እኛ ስለነሱ ከምናወራ ከነሱ ጋር እናውራ። ሦስተኛ፣ ቱቦ ውስጥ የሚጥለውን ጎረቤት አይተን እንዳላየን አንለፍ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። አንበሳውን እንኳ እንተወው፤ የደጃችንን ቱቦ ለማስከፈት ግን መተባበር አያቅተንም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሁላችንም ተገኝተን እንወስን።