ከምረቃው በፊት

ምድር ቤቴ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ፣ አራት ካርቶን መጽሐፍ ተደርድሯል። የራሴ ድርሰት ነው። ያስመረቅኩት የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ዕለቱን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ክራር ተመታ፣ ዶሮው ቀረበ፣ ፎቶ ተነሳን። ከመቶ በላይ ሰው ተሰልፎ በሃያ ሃያ ዶላር ገዛ፤ አንዳንዱም ሃምሳ ሰጥቶ "መልሱን ተወው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ መጽሐፉ ያነሳብኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠጋ ብሎ፣ "ይቅርታ አድርግልኝና፣ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ የተቀበረችው አክስት አሥራ ሦስተኛው ላይ ቡና ስታፈላ እንዴት ተገኘች?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ረቂቁን ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት ለስድስት ወዳጆቼ ሰጥቼው ነበር። ስድስቱም "ግሩም ነው፣ በርታ" ብለውኛል። ኋላ ሳጣራ ሦስቱ ጭራሽ አላነበቡትም። ሦስቱ አንብበው አክስቲቱንም አይተዋታል፤ ግን "ይህን ያህል የደከመበትን ሰው በምን አፋችን" ብለው ዝም አሉ። ይሉኝታ አክስቲቱን ከመቃብር አስነሳት፤ መጽሐፌን ግን ቀበረው።

ይህን የማነሳው ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ስቶክሆልም፣ አበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ "የጸሐፍት ክበብ እናቋቁም" የሚለው ሐሳብ ብቅ ጥልቅ ስለሚል ነው። ሐሳቡ በተነሳ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ "እንዴት እናሳትማለን?" የሚል ይሆናል። ወገኖቼ፣ ገንዘቡስ ይገኛል። ሁለት ወር ቅዳሜና እሑድ ተጨማሪ ሰዓት የሠራ ሰው ጥቂት መቶ ቅጂ ያሳትማል። ጠፍቶ የሚያስቸግረው፣ መጽሐፉ ሳይታተም "አክስትየዋ ሞታለች እኮ!" የሚል አንባቢ ነው። ክበቡ ይህን አንባቢ ካላፈራ የምረቃ ኮሚቴ ሆኖ ይቀራል።

ባሕር ማዶ ሆኖ በአማርኛ መጻፍ በእኛ አልተጀመረም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው። ደራሲው ያኔ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምር ነበር። በፖለቲካው የሚያስወቅሰው ብዙ ነገር አለ፤ ልብ ወለዳችን ከአገር ውጭ መወለዱ ግን እውነት ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ነገር ደግሞ ልብ ይነካል። ሠዓሊውና ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። መንገድ ስጡኝ ሰፊ የተሰኘው የግጥም መድበሉ አንባቢ እጅ የገባው እሱ ካለፈ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንደ እሱ ያለ ስም የሌላቸው ስንት ደብተሮች በየአፓርታማው መሳቢያ ውስጥ ባለቤታቸውን ተከትለው እንደሚጠፉ አስቡት።

"በሰው ፊት መተራረም የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል ሲያጋጥመኝ ቅኔ ቤትን አነሳለታለሁ። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ጥሻ ተጠግቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ፣ ባልንጀሮቹ እየሰሙ፣ ይናገራል። የተሰበረው ቤት፣ ከወርቁ ያልተስማማው ሰም፣ እዚያው ይታረማል። የሚጀምረውም በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ ረዣዥሞቹ ቀስ ብለው ይመጣሉ። ማንም ሰው በመጀመሪያው ወር ትልቁን ቅኔ ልዝረፍ አይልም። እኛ ግን አንድ አጭር ታሪክ ሳንጨርስ ባለ አራት መቶ ገጽ ልብ ወለድ እንጀምራለን።

የእኛ ክበብ በሰባት ሰው ተጀመረ። የምንገናኘው በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በሠፈራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉን ቀድሞ ማስመዝገብ ብቻ ይበቃል። መጀመሪያ ምግብ ቤት ሞክረን ነበር፤ ክትፎው ሲመጣ ግጥሙ ይቆማል። በአንድ ቀን የሁለት ሰው ሥራ እናያለን፤ ከስምንት ገጽ የማይበልጥ፣ ከሳምንት በፊት ለሁሉም የተላከ። ጮክ ብሎ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ጸሐፊው የራሱን ሲያነብ ያልጻፈውን በድምፁ ይሞላዋል፤ ሌላው ሲያነበው ግን አፍ የሚይዘው ዐረፍተ ነገር ወዲያው ይታወቃል። እስከ መጨረሻው ጸሐፊው አይናገርም፣ አያብራራም። እያንዳንዱ አንባቢ ሁለት ቦታ ብቻ ያሳያል፦ ግራ ተጋብቶ የቆመበትንና ማንም እንዳይነካው የሚለውን። "ይጥማል" እና "በርታ" የተከለከሉ ቃላት ናቸው።

አንድ ሌላ ሕግ አለን፦ ጽሑፉን እንጂ ጸሐፊውን አንመረምርም። የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ የማን ደጋፊ እንደሆነ፣ የትኛው ደብር እንደሚያስቀድስ አይነሳም። በውጭ ያሉ ማኅበሮቻችን በምን እንደሚፈርሱ ሁላችንም እናውቃለንና ምክንያቱን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ይህ አሠራር ምን እንደሚያመጣ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች አንዲት እህት የእናቷን መርዶ የሰማችበትን ቀን ጽፋ አመጣች። "ስልኩ ሲደወል በጣም ደነገጥኩ። በጣም አዝኜ አለቀስኩ" ይላል። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን፤ ማን ምን ይላል? ከመሐላችን አንዱ ቀስ ብሎ፣ "እህቴ፣ ስልኩ ሲደወል የት ቆመሽ ነበር?" አላት። "ሸሚዝ እየተኮስኩ" አለች። "የማን ሸሚዝ?" "የአባወራው። ካውያውን እዚያው ረስቼው አንገትጌው ተቃጠለ። ከደመወዜ ቆረጡብኝ።" ክፍሉ ጸጥ አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመጣ "በጣም" የምትለው ቃል የለችም፤ "አለቀስኩ"ም የለም። የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ፣ ከጆሮ ሳይወርድ የቀረ ስልክና ከደመወዝ የተቆረጠ የሸሚዝ ዋጋ አለ። አልቃሾቹ እኛ ሆንን።

እሷ ዛሬም የምትጽፈው በስልኳ ነው፣ ሌሊት። ዱባይና ሪያድ ያሉ ጓደኞቿ ደግሞ የዕረፍት ቀናቸው አንድ ላይ ስለማይውል ለመሰብሰብ አይመቻቸውም። ለእነሱ በድምፅ ቀድቶ በቴሌግራም መላክ ይበቃል፤ አስተያየቱም በድምፅ ይመለሳል። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንንም ከክበቡ አታርቁ። አማርኛ መጻፍ ቢከብዳቸውም ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይሰማሉ። "ይህ ምን ማለት ነው?" ብለው የሚያስቆሙን ቦታ ብዙ ጊዜ እኛም በደንብ ያላሰብንበት ቦታ ነው።

ስለ ገንዘብ እቁባችንን ልንገራችሁ። በየወሩ ሠላሳ ሠላሳ ዶላር እንጥላለን። ልዩነቱ ዕጣ አለመውጣቱ ነው፤ እቁቡ የሚደርሰው ረቂቁን ሦስት አንባቢ ሙሉ በሙሉ አንብቦ ለፈረመለት ሰው ነው። ባለ ተራው ሳይዘጋጅ ከቀረ ገንዘቡ ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ ሁለት መጽሐፍ አውጥተናል፤ ሁለቱም ምድር ቤት አልገቡም።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ያለውን ደግሞ ከስህተቴ ተማሩ። አርትዖት ሲጀመር መጀመሪያ የፊደል ስምምነት ይደረግ። ሀ ወይስ ሐ ወይስ ኀ፣ ሰ ወይስ ሠ፣ አ ወይስ ዐ፣ ጸ ወይስ ፀ? በእኔ መጽሐፍ "ፀሐይ" በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ትወጣለች። የትኛውን እንደምትመርጡ ተከራከሩ፤ ከመረጣችሁ በኋላ ግን አንድ ገጽ ዝርዝር አዘጋጅታችሁ እስከ መጨረሻው እሱን ያዙ። ጽሑፉ በኮምፒውተር ሲፈለግም የሚገኘው ያኔ ነው።

ቀጥሎ የፊደሉ ዓይነት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተተየበ ረቂቅ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የቆየ ሥራ ካላችሁ ሳይረፍድ ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነጻ የሚገኙ፣ ለመጽሐፍ የሚሆኑ ፊደሎች ናቸው። ፒዲኤፉ ሲዘጋጅ ፊደሉ ከፋይሉ ጋር መታሰሩን አረጋግጡ። ካልታሰረ "ቧ"፣ "ሟ"፣ "ኳ" ባሉበት ባዶ ሳጥን ታትሞ ሊመጣ ይችላል። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ አትተዉ፤ ተራዋን የሳተች አራት ነጥብ በመስመር መጀመሪያ ላይ ብቻዋን ቆማ አንባቢን ታስቃለች። መቶ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ቅጂ ብቻ አሳትሙና በእርሳስ አንብቡት።

የት ይታተም? አዲስ አበባ ቢታተም እዚያ ያለው አንባቢ ያገኘዋል፤ ወደዚህ ማምጣቱ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሦስት መቶ ሃምሳ ግራም የሚመዝን መጽሐፍ ሃያ ሦስት ኪሎ በሚይዝ ሻንጣ ከስድሳ ብዙም አይበልጥም። በትእዛዝ ልክ የሚያትሙት ድርጅቶች ካርቶን ከማከማቸት ያድናሉ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ የሚቀበሏቸው ቋንቋዎች ዝርዝር አላቸው። አማርኛ መኖሩን ሳታረጋግጡ ገጽ አታስቀናብሩ። "እናሳትምልሃለን" ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ከሚጠይቅ ድርጅት ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይኑራችሁ፦ የድርሰቱ መብት የእናንተ መሆኑና የተቀናበረው ፋይል ሥራው ሲያልቅ ለእናንተ እንደሚሰጥ። እኔ ፋይሉን ሳልቀበል ተለያየን፤ አንዲት ፊደል ለማረም እንኳ ከመጀመሪያው ማስተየብ ነበረብኝ።

አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር በካናዳ በነጻ ይሰጣል። በአሜሪካ ቦውከር የተባለ ድርጅት ይሸጠዋል፤ አንዱ 125 ዶላር፣ አሥሩ 295 ዶላር። ስለዚህ ክበቡ በአሳታሚነት ስም አሥር ገዝቶ ለአባላቱ መጻሕፍት ቢያውል ያዋጣል። አሳታሚ ሆኖ የሚመዘገበው ግን ክበቡ መሆኑን አባላቱ ይወቁ። የቅጂ መብት ድርሰቱ እንደተጻፈ የጸሐፊው ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የታተመን ሥራ በፍርድ ቤት ለመከራከር ግን አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። አንድ ደራሲ የጻፈውን አንድ ሥራ በኢንተርኔት ለማስመዝገብ 45 ዶላር ይበቃል። በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

የመጽሐፉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ዘመኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ስማችሁንና ርእሱን በላቲን ፊደልም ጻፉ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው አማርኛ ባያነብም በትክክል ይመዘግበዋል። ዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከመታተሙ በፊት ለጠየቀ የአሜሪካ አሳታሚ የካታሎግ ቁጥር በነጻ ይሰጣል። አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ አድርሱ። የገብረ ክርስቶስን ታሪክ ያነሳሁት ለዚህም ነው፤ መሳቢያ አይታመንም።

ሽያጩን በምረቃ ቀን ብቻ አትጨርሱት። የሰሜን አሜሪካው የስፖርት ፌዴሬሽናችን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ውድድር አለ፤ ለእንቁጣጣሽ የሚወጣ ባዛር አለ። እዚያ ጠረጴዛ ይዛችሁ ስትቆሙ አላፊው ስለማያውቃችሁ አያፍራችሁም፤ ገልጦ አንድ ገጽ ያነባል፣ ካልወደደው መልሶ ያስቀምጣል። ደስ የማይል ግን ጠቃሚ ትምህርት ነው።

በቅርቡ የእኔ ተራ ደርሶ ነበር። ያንኑ መጽሐፍ ለሁለተኛ እትም አቀረብኩ። ስለ አክስቲቱ የጠየቀኝ ሰው ዛሬ ከክበባችን አባላት አንዱ ነው፤ ዘጠነኛውን ምዕራፍ ጮክ ብሎ ያነበበውም እሱ ነው። እኔ በሕጉ መሠረት አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ "ሞቷ ራሱ ለታሪኩ ምን ጨመረ?" አለ። ማንም መልስ አልነበረውም፣ እኔም ጭምር። በአዲሱ እትም አክስቲቱ አትሞትም። አሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቡናውን እንዳሻት ታፍላ።