የሚስት እጅ ነውር አይደለም

በብዙ ቤቶቻችን ያልተጻፈ ሕግ አለ። ሚስት ለባሏ ምግብ ታቀርባለች፤ ልብሱን ታጥባለች፤ ልጆቹን ታሳድጋለች። ከሥራ ሲመለስ ትከሻውን ዳበስ ብታደርገው ወይም እጁን ይዛ አጠገቧ ብታስቀምጠው ግን «ዐይነ ደረቅ» ትባላለች። ባልም ቢሆን «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?» ይላታል። ሃያና ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው ከመኝታ ውጪ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ የማያውቅ ስንት ባልና ሚስት አለ?

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ይህን ድርቀት «ሐያእ» ብለን የዲን ካባ ማልበሳችን ነው። ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑን ማንም ሙስሊም አይክድም። ነገር ግን ሐያእ ከባዳ የሚጠብቅ አጥር ነው እንጂ ባልን ከሚስቱ የሚለይ ግድግዳ አይደለም።

እስቲ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት እንመልከት። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ መልእክተኛው መስጊድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ራሳቸውን ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ክፍል ዘንበል ያደርጉ ነበር፤ እርሷም በሐይድ ላይ ሆና ፀጉራቸውን ታበጥርላቸው ነበር። ልብ በሉ! እርሳቸው በኢዕቲካፍ፣ እርሷ በሐይድ ላይ ናቸው። መኝታ የማይታሰብበት ጊዜ ነው። ታዲያ ያ እጅ ከፍቅርና ከእዝነት በቀር ምን ይፈልግ ነበር? በሐይዷ ጊዜ ጭኗ ላይ ተደግፈው ቁርኣን ይቀሩ ነበር። ለኢሕራም ሲዘጋጁ ሽቶ የቀባቻቸው በገዛ እጇ ነበር። በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ይህችን ዓለም ሲሰናበቱም ደረቷን ተደግፈው ነበር። ከእርሳቸው የበለጠ ሐያእ ያለው ማን ነው? «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚሉ ወገኖች እስቲ ይመልሱልን!

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሩም አንቀጽ 21 ስለ ጋብቻ ሲነግረን እርጋታን፣ ፍቅርንና እዝነትን ያነሣል። ወንድ ልጅ ዕዳውንና የቤት ኪራዩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲገባ እርጋታውን ከየት ያገኛል? ብዙ ጊዜ ቃል ቃልን ይወልዳል፤ ጥያቄም ጠብን ያመጣል። ትከሻ ላይ ያረፈ እጅ ግን «አብሬህ አለሁ» ይላል፤ መልስም አይጠይቅም።

እህቴ ሆይ! በትንሹ ጀምሪ። ስትቀበይው እጁን ያዢ፤ ሲያወራሽ ጠጋ ብለሽ ተቀመጪ፤ ሲያመው ግንባሩን ዳስሺው። ገንዘብ በምትጠይቂበት ቀን ብቻ ግን አይሁን፤ ልብ የተሸጠለትንና የተሰጠውን ይለያል።

ከባዱ ቃል ግን ለወንዶች ነው። ወንድሜ ሆይ! የዘረጋችውን እጅ ገፍተህ ስታበቃ «ሚስቴ ቀዝቃዛ ናት» እያልክ ለማን ነው የምትከሰው? በነካችህ ቁጥር ነገሩን ወደ መኝታ ብቻ የምትወስድ ከሆነም እጇን መሰብሰብ ያስተማርካት አንተ ነህ። ደክሟት ወይም ታማ በምትተኛበት ቀን አንተም ቀድመህ እጅህን ዘርጋ። በእናትና በአባታቸው መካከል እዝነትን አይተው ያላደጉ ልጆች ነገ በራሳቸው ቤት ከየት ያመጡታል?

አላህ ቤቶቻችንን የፍቅርና የእዝነት ቤቶች ያድርግልን። አሚን።