ከላስታ ማሳ እስከ ሌዘር ሳተላይት፦ አንድ ወጥ የልኬት መሠረት ለምን ያስፈልጋል?

ላሊበላ፦ በላስታ ደጋማ ቀበሌዎች የአንድን አርሶ አደር የይዞታ ወሰን በኮኦርዲኔት ለማስፈር የቀያሹ ጥንቃቄና የያዘው መሣሪያ ጥራት ወሳኝ መሆናቸው አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ የቁጥሩ ተአማኒነት የመጨረሻ መሠረት ያለው ከመሬት በላይ ከ5 ሺህ 600 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚዞሩ፣ ሞተርም ሆነ ባትሪ በሌላቸው ሁለት የብረት ሉሎች ዘንድ ነው።

ጉዳዩ ለሳይንስ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በመሬት አስተዳደር፣ በመንገድ፣ በመስኖና በቅርስ ጥበቃ የተሰማሩ መሥሪያ ቤቶች በየዕለቱ በካርታና በኮኦርዲኔት ይሠራሉ። አንዱ መሥሪያ ቤት የለካውን ሌላው ያለ ጥርጣሬ ሊጠቀምበት የሚችለው ሁሉም ከአንድ መሠረት ሲነሱ ነው።

ሉሎቹ ላጂኦስ አንድ እና ላጂኦስ ሁለት የተሰኙ ሳተላይቶች ናቸው። የመጀመሪያው ሚያዝያ 26 ቀን 1968 ዓ.ም በአሜሪካ የጠፈር አስተዳደር፣ በጣሊያን የተሠራው ሁለተኛው ደግሞ ጥቅምት 12 ቀን 1985 ዓ.ም በኮሎምቢያ የጠፈር መንኮራኩር አማካይነት ወደ ጠፈር ተልከዋል። እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትርና ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ያላቸው ሲሆን፣ ገጻቸው በ426 አንጸባራቂ ፕሪዝሞች ተሸፍኗል። መጠናቸው አነስተኛ፣ ክብደታቸው ግን ከፍተኛ በመሆኑ የፀሐይ ጨረርም ሆነ ስስ አየር ከምሕዋራቸው በቀላሉ አያናጋቸውም።

የአሠራሩ መርህ ቀላል ነው። በምድር ላይ ያለ ጣቢያ እጅግ አጭር የሌዘር ብርሃን ወደ ሳተላይቱ ይልካል፤ ፕሪዝሞቹም ብርሃኑን ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመልሱታል። ሳተላይቱ በአናት ላይ በሚያልፍበት ጊዜ የብርሃኑ ደርሶ መልስ ጉዞ ከ40 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜው በብርሃን ፍጥነት ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ርቀቱ ይታወቃል። በጊዜ ቆጠራው ላይ የአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ስሕተት ቢፈጠር በርቀቱ ላይ የ15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ያመጣል። በአሁኑ ወቅት የተሻሉ ጣቢያዎች የልኬታቸውን ስሕተት በሚሊ ሜትር ደረጃ እስከ መግለጽ ደርሰዋል።

በዓለም ዙሪያ ያሉ ጣቢያዎች ለዓመታት ያሰባሰቡት ይህ ልኬት ከምንም በላይ አንድ ነገር ለማወቅ አስችሏል። ሳተላይቶቹ የሚዞሩት የመሬትን የክብደት ማዕከል በመሆኑ፣ ማዕከሉ በትክክል የት እንደሚገኝ የሚታወቀው በዋናነት በእነርሱ አማካይነት ነው። ዓለም አቀፉ የምድር ልኬት ማመሳከሪያ መነሻ ነጥቡን የሚያገኘው ከዚሁ የሌዘር ልኬት ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚሠራበት ሥርዓትም ከዚህ ማመሳከሪያ ጋር የተናበበ ነው። በመሆኑም በላሊበላ ከተማ ጂፒኤስ የሚያነብ ባለሙያ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሌዘር ሳተላይቶቹ ተጠቃሚ ነው።

የሀገራችን ካርታዎች ግን የተነሱት ከሌላ መሠረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በኢትዮጵያና በአሜሪካ ትብብር በዓባይ ተፋሰስ የተካሄደው የቅየሳ ሥራ የተመሠረተው በሱዳንና በግብፅ ድንበር አጠገብ በሚገኘው የአዲንዳን ነጥብ ላይ ነበር። ለዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ሲያገለግሉ የቆዩት ባለ 1፡50,000 መለኪያ ካርታዎችም በዚሁ የአዲንዳን ዳተም የተዘጋጁ ናቸው። ሥራው በጊዜው ትልቅ ክንውን ነበር፤ ሆኖም የአዲንዳን ስሌት የመሬትን የክብደት ማዕከል መነሻ ያደረገ አይደለም።

በዚህም ምክንያት የአንድ ቦታ ኮኦርዲኔት በአዲንዳንና በጂፒኤስ ሥርዓት ሲነበብ ልዩነቱ ከመቶ ሜትር በላይ ይሆናል። አንድ መሐንዲስ በአሮጌው ካርታ ላይ ያነበበውን የምንጭ ወይም የድልድይ ቦታ ሳይለውጥ በጂፒኤስ መሣሪያ ላይ ቢሞላ፣ መሣሪያው የሚመራው ወደ ሌላ ቦታ ነው። የላስታን በመሰለ ገደላማ መልክዓ ምድር ደግሞ መቶ ሜትር ማለት ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አርሶ አደር ማሳ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ማለት ሊሆን ይችላል። ማንም ባላጠፋበት ሁኔታ የሚነሳ የወሰን ክርክር አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ነጥብ መሬት ራሷ የምትንቀሳቀስ መሆኗ ነው። ላስታን ጨምሮ ምዕራባዊው የኢትዮጵያ ደጋ የሚገኝበት የኑቢያ ንጣፍ በዓመት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ሁሉም ማሳ አብሮ ስለሚጓዝ የጎረቤታሞች ወሰን አይዛባም። ነገር ግን ከ20 ዓመት በፊት የተወሰደ ኮኦርዲኔት ዛሬ ከተወሰደው ጋር ሲነጻጸር 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። የልኬቱ ዘመን ካልተመዘገበ ይህ የተፈጥሮ እንቅስቃሴ እንደ ወሰን መግፋት ሊቆጠር ይችላል።

ከላስታ በስተምሥራቅ፣ ከደጋው ግርጌ በሚገኘው የአፋር ዝቅተኛ ስፍራ እንቅስቃሴው ከዚህ የተለየ ገጽታ አለው። በመስከረም 1998 ዓ.ም በዳባሁ አካባቢ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመሬት ስንጥቅ ተከስቶ፣ አንዳንዱ ስፍራ እስከ 8 ሜትር መከፈቱ በራዳር ሳተላይቶች ተለክቷል። እንዲህ ያለውን ለውጥ ከዘገምተኛው የንጣፎች ጉዞ ለይቶ ለማወቅ የሚቻለው የማይናወጥ ማመሳከሪያ ሲኖር ብቻ ነው።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀመር ማሳዎች ይለኩ የነበረው በገመድ ሲሆን፣ ወሰናቸውም የሚገለጸው በአዋሳኞች ስም ነበር። በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ደግሞ ባለይዞታው ወሰኑን በአየር ፎቶግራፍ ላይ እያሳየ በካርታ እንዲሰፍር ተደርጓል። የአዲሱ አሠራር ጥቅም በሰላም ጊዜ ብቻ የሚታይ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ባዳረሰበት ወቅት የመንግሥት ተቋማት ጉዳት እንደደረሰባቸው ይታወሳል። ወረቀት ሊቃጠል፣ የድንበር ድንጋይም ሊነቀል ይችላል፤ በሌላ ስፍራ ቅጂው የተቀመጠ ትክክለኛ ኮኦርዲኔት ግን ወሰኑን እንደገና መሬት ላይ ለማግኘት ያስችላል።

የሌዘር ልኬት ለላሊበላ እንግዳ አይደለም። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር መሣሪያ ለክቶ በሦስት አቅጣጫ ምስል ሰንዷል። እንዲህ ያለው ሰነድ እየተደጋገመ በአንድ ማመሳከሪያ ላይ ከተሠራ፣ የዓለቱን ስንጥቅና የውኃ ስርገት ጉዳት ለመከታተል ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች አስተማማኝ መነሻ ይሆናቸዋል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በየካቲት 2007 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ ሀገራት ለዓለም አቀፉ የልኬት ማመሳከሪያ የበኩላቸውን እንዲያበረክቱ ጠይቋል። በአፍሪካ በሌዘር ልኬት ለረጅም ዘመን የሚታወቁት ጣቢያዎች በሰሜን የግብፁ ሄልዋን፣ በደቡብ የደቡብ አፍሪካው ሀርትቤስትሁክ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሺዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የሚለካ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የምትገኘው በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው።

ላስታ በዚህ ረገድ ሊታሰብ የሚገባው ስፍራ ነው። ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ጨምሮ የላሊበላ አካባቢ ከፍተኛ ቦታዎች ለሥነ ፈለክ ምልከታ ጣቢያ ሲታጩ ቆይተዋል። የሌዘር ብርሃን ደመናን ስለማያልፍ የክረምቱ ወራት ሥራውን ያስተጓጉላሉ፤ የበጋው ጥርት ያለ ሰማይና ስስ አየር ግን ለልኬቱ አመቺ ነው። በአንጻሩ መንገድ፣ ኤሌክትሪክ፣ የሠለጠነ ባለሙያና አስተማማኝ ሰላም የግድ ያስፈልጋሉ።

ጣቢያ መትከል ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ከበጀት ይልቅ ሥነ ሥርዓትን የሚጠይቁ ተግባራት ግን ከወዲሁ ሊከናወኑ ይችላሉ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በሚያወጣው ካርታና ኮኦርዲኔት ላይ የተጠቀመበትን ዳተምና የተለካበትን ዓመተ ምሕረት ማስፈር ይኖርበታል። የአዲንዳን መረጃዎችን የመለወጡ ሥራ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሙያዊ መመሪያ በአንድ ወጥ ቀመር ሊፈጸም ይገባል። በየተራራው የተተከሉ የቅየሳ ምልክቶችም ለግንባታ ድንጋይ ተብለው እንዳይነቀሉ የወረዳና የቀበሌ አስተዳደሮች ሊጠብቋቸው ያስፈልጋል። የመሬትን ማዕከል በሚሊ ሜትር ለማወቅ የተደከመበት ልኬት ለላስታው አርሶ አደር ትርጉም የሚኖረው፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ ሳይዛባ ሲሰፍር ነው።