ሽማግሌውን ስፒከር ተዉት ሽማግሌ ይሁን

እስቲ ዛሬ ስለ አንድ ሽማግሌ ላውጋችሁ። ሰው አይደለም፤ ስፒከር ነው። መልኩን ያየ ግን ስፒከር ነው ብሎ አይጠረጥርም፤ ፈረንጆች ለብርድ ግድግዳ ስር የሚያቆሙትን የቤት ማሞቂያ ነው ቁርጥ። ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር አይሞላም፤ ወንፊት ለብሶ፣ በአጫጭር የእንጨት እግሮች ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ይቆማል። ኳድ ይባላል። ፒተር ዎከር የሚባል እንግሊዛዊ ሃንቲንግደን ከተማ ባለው ፋብሪካው ሠርቶ በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ አቀረበው። እስከ 1985 ድረስ ተመረተ። 28 ዓመት! እኛ ስልክ የምንቀይርበትን ፍጥነት አስቡና ፍረዱ።

ተራው ስፒከር ማግኔትና ጥቅል ሽቦ አለው፤ ሽቦው የወረቀት ኮን ይገፋል፣ ድምፅ ይወጣል። እዚህ ኮን የለም። ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ፕላስቲክ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ሳህኖች መሀል ተወጥሯል። ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ለወፍራሙ ድምፅ 6,000 ቮልት፣ ለቀጭኑ 1,500 ቮልት ያህል። ሙዚቃው ወደ ሳህኖቹ ሲደርስ አንዱ ይገፋዋል፣ ሌላው ይስበዋል። ፕላስቲኩ ክብደት አለው ስለማይባልና መላ ገጹ እኩል ስለሚገፋ፣ ክራር ሲመታ ጣት ጅማቱን የለቀቀበት ቅጽበት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል። ኤሌክትሮስታቲክ የሚሉት ይኼን ነው።

ሽማግሌ ነውና ይታመማል። ዋነኛው ጠላቱ አቧራ ነው። ኤሌክትሪክ የተሞላ ነገር አቧራ ይስባል (ቴሌቪዥናችሁን የምትወለውሉ ታውቁታላችሁ)፤ ስለዚህ ፋብሪካው ፓነሎቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኗቸዋል። ያ መከለያ በእርጅና ሲቀደድ አቧራው ይገባል፣ ኤሌክትሪኩ መሾለክ ይጀምራል፣ መንጫጫት ይከተላል። ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያመነጨው፣ በሰም መሰል ነገር ውስጥ የተቀበረው ክፍልም ይደክማል፤ ያኔ የግራው ስፒከር ሲዘፍን የቀኙ ያንሾካሽካል። እነዚህን መጠገን ጽድቅ ነው። የደከመውን ክፍል በአዲስ ዳዮዶችና ካፓሲተሮች ተክቶ ቮልቴጁን ወደ ቀድሞው መመለስ፣ የተቀደደውን መከለያ መቀየር… ማንም አይቃወምም፣ እኔም አልቃወምም።

ጠቤ ከሌላው ወገን ጋር ነው። እነዚህ ሰዎች ሽማግሌውን አይጠግኑትም፣ ጎረምሳ ሊያደርጉት ይነሳሉ። ለምን አይጮህም? ቤዙ የታለ? ለምን መሀል ላይ ለተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ያደላል?

እንዲያው ለነገሩ፣ ቤዙ ለምን እንዳነሰ ጠይቀው ያውቃሉ? ፕላስቲኩ ከፊቱም ከኋላውም ድምፅ ያወጣል፤ የፊቱ ሲገፋ የኋላው ይስባል። በወፍራም ድምፅ ላይ ሁለቱ በጎን ዞረው ይገናኙና ይጣፋሉ። ሳጥን ብትሠሩለት ይኼ ይቀንስ ይሆናል፤ ግን የተወደደውም እኮ ሳጥን ስለሌለው ነው። ሳጥን የሚፈጥረው እንደ ጣሳ የሚያስተጋባ ነገር እሱ ጋ የለም። ጉድለቱና ውበቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱን አባርራችሁ ሌላውን ልታስቀሩ አትችሉም።

ጩኸቱም እንዲሁ። ዎከር ስፒከሩን ያሰበው ለራሱ ፋብሪካ ባለ 15 ዋት አምፕሊፋየር ነበር። ዘንድሮ አንዱ ይመጣና 200 ዋት ይሰካበታል። ብልጭታ ከሳህን ወደ ፕላስቲክ ይዘላል፣ የመሀለኛው ፓነል ይበሳል፣ አለቀ። የተበሳውን ለመቀየር ሪቬቱን በድሪል ነቅሎ፣ አሮጌውን ልጦ፣ አዲሱን በትክክለኛው ጉልበት መወጠር ያስፈልጋል። ላላ ካለ ወደ አንዱ ሳህን ሄዶ ይለጠፋል፤ ከከረረ ድምፁ ይበላሻል። በላዩ የሚቀባው ነገር ደግሞ ኤሌክትሪክን በጣም በዝግታ ብቻ ማሳለፍ አለበት፤ ዝግታው ነው ድምፁን የሚያጠራውና ብልጭታውን የሚያቀዘቅዘው። ብዙ ጀማሪ ግን የእርሳስ ውስጡን የመሰለ ግራፋይት አብዝቶ ይቀባና ኤሌክትሪኩን ያስጋልበዋል። ከዚያ "ይኼ ነገር ድሮም ደካማ ነው" ብሎ ያማዋል። የማይመለሰው ጥፋት እዚህ ጋ ነው፤ ሳህኑ አንዴ ከተቃጠለ ወይ ከተሰነጠቀ የቀድሞው ሳህን አይመለስም። አንዳንዱም ከሌላ ኳድ ነቅሎ ይተካል፤ ሁለት ሽማግሌ ገድሎ አንድ ማትረፍ።

ማንኛውም ለውጥ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ማርክ ሌቪንሰን ሁለት ሁለት ኳድ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ፣ ለቤዙ ሌላ ስፒከር፣ ለቀጭኑም ሌላ ጨምሮ አንድ ግዙፍ ስብስብ ሠርቷል። እብደት ልትሉት ትችላላችሁ፣ ግን ሐሳቡ ገብቶኛል፤ ኳዱን ያልቻለውን አላስገደደውም፣ አጋዥ ነው ያመጣለት። ከወለሉ ከፍ የሚያደርግ ማቆሚያም መልካም ነው፤ ካልወደዳችሁት ታወርዱታላችሁ። ከሁሉም የምወደው ግን አምፕሊፋየሩ ከልክ ሲያልፍ ቮልቴጁን የሚገታውን ትንሽ የመከላከያ ሰርኪዩት ነው። ሽማግሌውን አልለወጠውም፣ ከጎረምሳው ዱላ ነው ያስጣለው።

ወንፊቱን አውልቀው "ድምፁ ተከፈተ" የሚሉም አሉ። ይከፈት ይሆናል። ወንፊቱ ግን አቧራ ወይ ጌጥ ብቻ አይደለም የሚመልሰው፤ ከጀርባው 6,000 ቮልት አለ። ልጅ ወይ ድመት ባለበት ቤት ይኼን የሚያደርግ ሰው ጋ እኔ ሻይ አልጠጣም። ለመጠገን የምትከፍቱም ብትሆኑ፣ ከሶኬት ስለነቀላችሁት ብቻ ባዶ ነው ብላችሁ እጃችሁን አትስደዱ፤ ኤሌክትሪኩ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ይቆያል። ደግሞ የነቀላችሁትን አሮጌ ዕቃ አትጣሉት፤ ካርቶን ውስጥ አድርጉና፣ ምን እንደቀየራችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ከስፒከሩ ጋር አስቀምጡት። ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ይፈልገዋል።